ከቅያስ እስከ ፈፋ፦ የኦራንጊ ጎረቤታሞች የፍሳሽ መስመር ታሪክ

በአፕሪል 1980 አንድ የ65 ዓመት አዛውንት በፓኪስታኗ ካራቺ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ባለችው በኦራንጊ መዞር ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፕሮጀክት ሰነድ አልያዙም፤ የምረቃ ሪባንም አልቆረጡም። ለወራት ሥራቸው በእግር መሄድ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ማለትና ያገኙትን ሰው ምን እንደቸገረው መጠየቅ ብቻ ነበር። ስማቸው አክታር ሐሚድ ካን ይባላል። ወደዚያ የጋበዟቸው ቢሲሲአይ የተባለውን ዓለም አቀፍ ባንክ የመሠረቱት አጋ ሐሰን አቤዲ ናቸው። አቤዲ ለበጎ አድራጎት የሚውል ገንዘብ ነበራቸው፤ ካን ደግሞ ቀነ ገደብና የውጤት ኮታ ያልተለጠፈበት ገንዘብ ይፈልጉ ነበር። ባንኩ በ1991 በታላቅ የማጭበርበር ቅሌት ተዘጋ። በዘመኑ እጅግ ከተወገዙት ባንኮች አንዱ በደቡብ እስያ እጅግ ከተመሰገኑት የሰፈር ልማት ሥራዎች ለአንዱ መነሻ መስጠቱ ለታሪክ ጸሐፊ የማይመች እውነት ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ኦራንጊ ያኔ ገና የ15 ዓመት ዕድሜ ነበራት። በ1965 መንግሥት አንዱን ክፍሏን ሸንሽኖ ለነዋሪ ሰጠ፤ የቀረውን የሸነሸኑት ግን ደላሎች ናቸው። ደላላው የመንግሥት መሬት ይይዛል፤ የፖሊሱንና የማዘጋጃ ቤቱን ሰው አፍ በገንዘብ ያሲዛል፤ ቦታውን ለድሃ ይሸጣል፤ ቀጥሎም ውኃ በቦቴ ያስመጣለታል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን የጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት ነው። በ1971 ምሥራቅ ፓኪስታን በጦርነት ተገንጥላ ባንግላዴሽ ስትሆን ቢሃሪ የሚባሉት ኡርዱ ተናጋሪ ስደተኞች በብዛት መጥተው ሰፈሩ። ከእነሱ ሌላ ከህንድ ክፍፍል በኋላ የመጡ ሙሃጂሮች፣ ከሰሜን የወረዱ ፓሽቱኖች፣ ፑንጃቢዎች፣ ሲንዲዎችና ባሉቾች ነበሩ። የበናራስ ሐር ሸማኔው፣ የአናጢው፣ የሱቅ ቸርቻሪውና የቀን ሠራተኛው ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ተሠራ። አካባቢው ተስፋፍቶ ወደ 4 ሺህ ሄክታር ተጠጋ፤ ከመቶ በላይ ንዑሳን ሰፈሮችንም ያዘ፤ በ1980ዎቹ የነዋሪው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ይገመታል።

ኦራንጊን ከሌሎች የጨረቃ ቤት ሰፈሮች የሚለያት አንድ ነገር አለ። ደላሎቹ ቦታውን የሸጡት በቀጥታ መስመር እየሸነሸኑ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ብዙውን ጊዜ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ20 እስከ 30 ቤት ፊት ለፊት የሚተያይበት ቀጥ ያለ ቅያስ ይወጣዋል። የደላላው ዓላማ መሬቱን ሳያባክን መሸጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቱቦ ለመቅበር ሲታሰብ ግን ያ ቀጥ ያለ ቅያስ ግማሹን የመሐንዲስ ሥራ አስቀድሞ ሠርቶ ተገኘ።

የካን ያለፈ ሕይወት ካልተነገረ በኦራንጊ የወሰኑት ነገር እንግዳ ይሆናል። በ1914 አግራ ላይ ተወለዱ። በ1936 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ህንድን ያስተዳድሩበት በነበረው የሲቪል ሰርቪስ ተቀጠሩ፤ ለሥልጠናም ወደ ካምብሪጅ ተላኩ። ቤንጋል ውስጥ ሹም ሳሉ የ1943ቱ ረሃብ ደረሰ፤ ካዩትም በኋላ በዚያ ወንበር ለመቆየት አንጀታቸው እምቢ አላቸው። በ1945 ሥራቸውን ለቀው አሊጋር አጠገብ ባለች መንደር ለሁለት ዓመት ያህል በቀን ሠራተኛነትና በቁልፍ ሠሪነት ኖሩ። በ1950 ወደ ፓኪስታን ተሻገሩ፤ በምሥራቁ ክፍል ኮሚላ ከተማ ኮሌጅ መሩ፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ የገጠር ልማት አካዳሚውን በኃላፊነት ያዙ። የኮሚላ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስማቸውን በዓለም አስጠሩት፤ በ1963 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው። በኋላ ግን ብድሩንም ማኅበሩንም ጉልበት ያላቸው ሰዎች ሲቆጣጠሩት ተመለከቱ። ኦራንጊ ሲደርሱ ስለዚህ ሁለት ነገር ተምረው ነበር፦ ከላይ የሚመጣ ገንዘብ ሰው እንደሚያጣላ፣ ትልቅ ማኅበር ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች እንደሚመች። ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም፤ በኦራንጊ ያወጧቸው ሕጎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ይገጥማሉ።

ነዋሪው በብዛት ያነሳላቸው ችግር ፍሳሽ ነበር። ሽንት ቤቱ በአብዛኛው ወይ ባልዲ ነው፣ ወይ ቤቱ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ። ባልዲውን ጠራጊ እያወጣ ብዙ ርቆ ሳይሄድ ይደፋዋል። ጉድጓዱ ሲሞላ ደግሞ ፍሳሹ ወደ ቅያሱ ይወጣል፤ ከልብስ እጣቢውና ከወጥ ቤቱ ውኃ ጋር ተደባልቆ ከበር ላይ ይተኛል። የቤቱ መሠረት እየራሰ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ታይፎይድ፣ ወባ፣ ተቅማጥና እከክ የዘወትር እንግዶች ነበሩ። ቤታቸውን በራሳቸው ላብ የሠሩ ሰዎች ይህን ለምን ታገሡት? መልሱ ግልጽ ነው፦ ፍሳሽ የመንግሥት ሥራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሰፈሩ መሪ ነን ባዮችም በየምርጫው ይህንኑ ተስፋ ይሸጡላቸው ነበር። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ልዑካን ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፤ ቱቦው አይመጣም።

ሆኖም ሁሉም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ካንና አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ሲዘዋወሩ፣ አቅም ያላቸው አንዳንድ ነዋሪዎች ከቤታቸው እስከ ቅርቡ ፈፋ ድረስ የግል ቱቦ እንደቀበሩ አዩ። በአንድ ቅያስ ላይ የሦስትና የአራት ቤት ቱቦ ጎን ለጎን የሚሄድበት ቦታ ነበር፤ ሁሉም የየራሱን ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ሁሉም ለየብቻው ከፍሏል። ይህ ለካን ትልቅ ማስረጃ ሆነላቸው። ሰዉ ገንዘብ ማውጣት እንደሚችልና እንደሚፈልግ አሳያቸው፤ የጎደለው ጎን ለጎን የተቀበሩትን ቱቦዎች አንድ የሚያደርግ መላ ነበር።

ካን ኋላ ላይ እንደጻፉት፣ በሰዉና በቱቦው መካከል አራት እንቅፋቶች ቆመው ነበር፦ መንግሥት በነፃ ይሥራልን የሚለው ልማድ፣ የዋጋው ነገር፣ ሙያ ማጣት፣ በጋራ ለመሥራት የሚያስችል አደረጃጀት አለመኖር። እንደ እኔ ግምት ቁልፉ ዋጋው ነበር፤ እሱ ሲፈታ የሌሎቹ ክብደት ቀለለ። ማዘጋጃ ቤቱ በኮንትራክተር የሚያሠራው መስመር ለድሃ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። የካን ባለሙያዎች ዋጋውን ከፋፍለው ሲመረምሩት ብዙው የኮንትራክተር ትርፍ፣ ጉቦ፣ የአማካሪ ክፍያና ካስፈላጊው በላይ የጠነከረ ንድፍ ሆኖ አገኙት። ሲሚንቶውና አሸዋው ብቻውን ያን ያህል ውድ አልነበረም። ንድፉን አቀለሉ፤ ማንሆልና ሽንት ቤት ለመሥራት በየቅያሱ የሚዘዋወር የብረት ፎርማ አሠሩ፤ በዚህ ብቻ ዋጋው ኮንትራክተሩ ከሚጠይቀው ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ሽንት ቤቱንና የቅያሱን ቱቦ ጨምሮ አንድ ቤት የሚያወጣው 1 ሺህ ሩፒ ገደማ ሆነ። ያ ገንዘብ ለኦራንጊ ቤተሰብ ከአንድ ወር ገቢ ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ ያማል፤ ግን ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህን ገንዘብ ማን ይሰብስበው፣ ማንስ ይያዘው የሚል ነው። የኦራንጊ ሰው የሰፈር መሪ አይቷል፤ የመዋጮ ገንዘብ ይዞ የጠፋም አይቷል። ስለዚህ ካን ሰፈሩን በሙሉ ማደራጀት አልፈለጉም፤ ቅያሱን ያዙ። በ20 ወይም በ30 ቤት መካከል ማን ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ የሚደበቅበት ጥግ የለም፤ ገንዘብ ያዡ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ 20 ጎረቤት ያየዋል። የእድር ዳኛ የሆነ አንባቢ የዚህን ሒሳብ ማብራሪያ አይፈልግም። ሁለተኛው ሕግ ይበልጥ ጥብቅ ነበር፦ የኦራንጊ ፓይለት ፕሮጀክት (ኦፒፒ የሚባለው) የቅያሱን ገንዘብ በእጁ አይነካም፤ ለቱቦውም አይደጉምም። ንድፍ፣ የዋጋ ግምት፣ መሣሪያና ምክር ይሰጣል፤ ሲሚንቶ አይገዛም።

ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነበር። የኦፒፒ አደራጆች ወደ አንድ ቅያስ ገብተው ምሽት ላይ ሰዉን ሰብስበው በስላይድና በሞዴል ያስረዳሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ መጎትጎት የለም። ቅያሱ ከተስማማ ከመካከሉ አንድ ተጠሪ ይመርጣል፤ ተጠሪውም የሁሉንም ፊርማ ይዞ ወደ ኦፒፒ ቢሮ ማመልከቻ ያስገባል። ማመልከቻው የሚሄድበት አቅጣጫ ይኸውላችሁ ተገልብጧል፤ ነዋሪው ለመንግሥት «ሥሩልን» ብሎ ሳይሆን «ልንሠራ ነውና ለኩልን» ብሎ ነው የሚጽፈው። ቴክኒሻን ሌቭሉን ይዞ ይመጣል፤ የቅያሱን ዘቅዛቃነት ይለካል፤ ንድፍና የእቃ ዝርዝር ያወጣል፤ ድምሩ ለቤቶቹ ይካፈላል። ተጠሪው ስም ዝርዝር ይዞ መዋጮ ይሰበስባል፤ እቃ ይገዛል፤ ግንበኛ ይቀጥራል። ከዚያ ቁፋሮው ይጀመራል። አንዳንዱ ከደጁ ፊት ያለውን ራሱ ይቆፍራል፣ አንዳንዱ የቀን ሠራተኛ ያሠማራል፤ ምንም የሌላት ባልቴት ካለች ድርሻዋን ጎረቤቶች ይሸፍኑላታል። በእያንዳንዱ ሽንት ቤትና በቅያሱ ቱቦ መካከል ጠጣሩን የምታስቀር ትንሽ ጉድጓድ ትገባለች፤ በየርቀቱ ማንሆል ይቆማል፤ ቱቦው ይቀበራል። እንቢ ያለ ቤት ካለ ተጠሪው ነው የሚያስታርቀው፤ ካልተቻለም ቅያሱ ይጠብቃል። መዋጮ የተቋረጠበት፣ ጥሉ እስኪበርድ ለወራት ክፍት ጉድጓድ ይዞ የከረመ ቅያስ ሁሉ ነበር።

ቅያሶቹን ብዙ ጊዜ የገፉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ከበሩ ላይ ያለውን ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ የሚራመዱበትም፣ በተቅማጥ የታመመ ልጅ ታቅፈው የሚያድሩትም ሴቶቹ ነበሩ። ተጠሪ ሆነው የተመረጡ ሴቶችም ነበሩ። ይህ በፓኪስታን የከተማ ዳርቻ ሰፈር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ በምንጮቹ ውስጥ ግን ከአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ ቦታ አያገኝም።

የመጀመሪያዎቹ ቅያሶች በ1981 ሥራ ጀመሩ፤ ሥራውም ሁሉ የሰመረ አልነበረም። ግንበኞቹ ኮንክሪት እንዴት ውኃ እየጠጣ እንደሚጠነክር አያውቁም፤ ነዋሪው አሸዋ በርከት አድርጎ ሲሚንቶ ይቆጥባል፤ ክዳን ይሰበራል፤ ቱቦ ይደፈናል። ኦፒፒ ሥራውን ከሕዝቡ ወስዶ ለባለሙያ አልሰጠም፤ ጉድለቱን እየለየ መመሪያውን በቀላል ቋንቋ አሻሻለ፣ ፎርማዎቹን አስተካከለ፣ የሰፈሩን ግንበኞች አሠለጠነ። አርክቴክቱ አሪፍ ሐሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አማካሪ ሆነው የገቡት በዚህ ወቅት ነው። ከካራቺ የምህንድስናና የአርክቴክቸር ኮሌጆች የመጡ ተማሪዎችም ኦራንጊን በእግራቸው እየዞሩ ካርታ አነሱ፦ ቅያሶቹ የት እንዳሉ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ፣ የዝናብ ውኃው የትኛው ፈፋ ውስጥ እንደሚገባ። ማዘጋጃ ቤቱ ያልነበረው ካርታ በዚህ መልክ ተገኘ።

እዚህ ላይ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የተነሳው አለመግባባት ይመጣል። የድርጅቱ የሰፈራ ማዕከል (ሐቢታት) ባለሙያዎች ወደ ኦራንጊ ሲመጡ ያጋጠማቸው ነገር አልጣማቸውም፦ ማስተር ፕላን የለም፣ አስቀድሞ የተደረገ ሙሉ ጥናት የለም፣ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የሚል ኮታ የለም። ቅያሶች በዘፈቀደ፣ ፈቃደኛ በሆኑበት ቅደም ተከተል እየተሠሩ ነው። የምህንድስና መጽሐፍ ከዋናው መስመር ጀምረህ ወደ ቤት ና ይላል፤ ኦራንጊ ከሽንት ቤቱ ጀምራ ወደ ውጭ ትሄዳለች። ትችቱ ሙያዊ መሠረት አልነበረውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ካን ግን ኮታ የወጣበት ሥራ የሕዝቡ መሆኑ እንደሚቀር ያምኑ ነበር። ሁለቱ መንገዶች አብረው ሊዘልቁ አልቻሉም፤ ተለያዩ።

መጀመሪያ የሠሩት ቅያሶች ፈፋ አጠገብ ያሉት ናቸው፤ ፍሳሻቸውን የሚያወርዱበት ቦታ ስለነበራቸው። ከኋላ ያሉት ቅያሶች አይተው ሲመኙ ግን ቱቧቸው የሚገባበት አልነበረም። ከፊት ያለው ቅያስ የኋለኛውን ፍሳሽ ለማሳለፍ በመስመሩ ስፋት ላይ መስማማት ነበረበት፤ ካልሆነም ብዙ ቅያሶች ተባብረው ሰፋ ያለ ሰብሳቢ ቱቦ መዘርጋት ነበረባቸው። ይህ ከ20 ቤት ወደ 200 እና 300 ቤት የሚያሸጋግር ድርድር ነው፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገናኙበት። ምንጮቹ ካን የፈሩት ይህንን እንደነበር ያሳያሉ፤ ይሁንና ተጠሪዎቹ ተገናኝተው ወጪውን በቤት ቁጥር እየደለደሉ ብዙ ቦታ ሠሩት። የሠሩትን መስመር በኋላ ቆፍሮ እንደገና ከመቅበር ይልቅ ከመጀመሪያው ለመጪው ጎረቤት ቦታ መተው የሚለው ስሌት በእያንዳንዱ ቅያስ እንደ አዲስ መካሄድ ነበረበት።

የጉርብትናው ጉልበት የት እንደሚያበቃ ግን በ1986 ታየ። በዲሴምበር 14 የታጠቁ ሰዎች ቃስባና አሊጋር ኮሎኒ በተባሉት የኦራንጊ አካባቢዎች ገብተው ብዙ ሰው ገደሉ፤ ቤት አቃጠሉ። ከሁለት ቀን በፊት መንግሥት ሶህራብ ጎት ላይ ባካሄደው የመሣሪያና የዕፅ አሰሳ የተቆጡ ፓሽቱኖች ናቸው የተባለው ጥቃት የደረሰው በአብዛኛው በሙሃጂርና በቢሃሪ ነዋሪዎች ላይ ነበር። ለዓመታት በሰላም የኖሩ ሰዎች በቋንቋ ተለያይተው ሰፈር ቀየሩ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የአንድ ቅያስ ሰዎች ቱቦ መቅበር ችለዋል፤ ከተማ ሲነድ ግን እሳቱን ማስቆም አልቻሉም። የኦፒፒ መዝገቦች የሚናገሩት ሥራው በዚያ ወቅት መዳከሙንና ግርግሩ ጋብ ሲል መመለሱን ነው። ኦራንጊን የሰላም ደሴት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህንን ምዕራፍ ይዘልሉታል።

ስለ ምንጮቹ አንድ ነገር ማለት እዚህ ላይ ይገባል። ስለ ኦራንጊ የምናውቀውን አብዛኛውን የጻፉት ራሳቸው የኦራንጊ ሰዎች ናቸው፦ ኦፒፒ በየሦስት ወሩ ያወጣቸው የነበሩት ሪፖርቶች፣ የካን የ1996 የትዝታ መጽሐፍ፣ የአሪፍ ሐሰን ጥናቶች። ሪፖርቶቹ የተሠራውን ቅያስ፣ የተገጠመውን ሽንት ቤትና ሕዝቡ ያወጣውን ገንዘብ በጥንቃቄ ይመዘግባሉ፤ ውድቀትንም አይደብቁም። ነገር ግን ቱቦ ያልሠራ ቅያስ ታሪኩን አልጻፈም። ከዚህ ጥንቃቄ ጋር ቁጥሮቹ ከባድ ናቸው፦ በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ቤቶች የቅያስ መስመር አገኙ፤ ይህም የኦራንጊ አብዛኛው ክፍል ማለት ነው። ለቤቱና ለቅያሱ ሥራ የወጣውን ሕዝቡ ራሱ ከፈለ። በሰፊው የሚጠቀስ አንድ አኃዝ ደግሞ የሕፃናት ሞት በ1982 ከሺህ 130 የነበረው በ1991 ወደ 37 መውረዱን ይናገራል። ይህን ሁሉ ለቱቦ ብቻ መስጠት ግን አይቻልም፤ ኦፒፒ በ1980ዎቹ አጋማሽ የእናቶች ጤና ትምህርትና የክትባት ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የኦራንጊ ገቢና ትምህርት ቤትም በዚያው ዘመን አድጓል። ቱቦው የራሱ ድርሻ እንዳለው ግን ፍሳሹን ያየ ሐኪም አይጠራጠርም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንደርሳለን። ቅያሱ ተሠራ፣ ሰብሳቢው ተሠራ፤ ፍሳሹ ፈፋ ገባ። ከዚያስ? ኦፒፒ ለዚህ የራሱ ክፍፍል ነበረው። የቤቱ ሽንት ቤት፣ የቅያሱ ቱቦና ሰፈሩን የሚያገናኘው ሰብሳቢ መስመር የውስጥ ሥራ ናቸው፤ ሕዝቡ ይሠራቸዋል፣ ይከፍልባቸዋል፣ ይጠግናቸዋል። ዋናው የከተማ መስመርና የማጣሪያ ጣቢያው የውጭ ሥራ ናቸው፤ እነዚህን መንግሥት ይሥራ። ኦራንጊን የመንግሥት ምትክ አድርገው ለሚያወድሱ ይህ ክፍፍል አይመችም፤ የካን አቋም መንግሥት ከሥራው ይውጣ የሚል አልነበረም፤ ድንበሩ የት እንደሆነ እንነጋገር የሚል ነበር።

ይህን ከመንግሥት ጋር የተደረገ ድርድር ለዓመታት የመሩት ፐርዊን ራህማን ናቸው። በ1957 ዳካ ተወልደው፣ ቤተሰባቸው ከባንግላዴሽ ጦርነት በኋላ ካራቺ የገባ አርክቴክት ነበሩ፤ ኦፒፒን የተቀላቀሉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገና ከኮሌጅ እንደወጡ ነው። በ1988 ኦፒፒ ወደ ተለያዩ ተቋማት ሲከፈል የምርምርና ሥልጠናውን ክፍል ይዘው፣ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ከኦራንጊ አልፈው የካራቺን የጨረቃ ሰፈሮችና ፈፋዎች በካርታ መሰነድ ቀጠሉ። ካርታዎቹ ያሳዩት ነገር የከተማውን መሐንዲሶች አስደነገጠ፦ የካራቺ ፍሳሽ በአብዛኛው በመንግሥት ዋና መስመሮች ሳይሆን በእነዚሁ የተፈጥሮ ፈፋዎች ነበር የሚሄደው። በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓትና በመሬት ላይ ያለው ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ስለዚህ የራህማን ክርክር ቀላል ነበር፦ ፈፋዎቹን አትተዉ፣ በኮንክሪት ገድቡ፣ ሸፍኑ፣ ዋና መስመር አድርጓቸው፤ ማጣሪያውን ደግሞ ከታች አቁሙ።

ይህ ክርክር ትልቁን ድሉን ያገኘው ኦራንጊ ላይ ሳይሆን ኮራንጊ በተባለው ሌላ የካራቺ ክፍል ነው። የእስያ ልማት ባንክ 70 ሚሊዮን ዶላር ሊያበድርበት የነበረ የፍሳሽ ፕሮጀክት ነዋሪው የሠራቸውን መስመሮች ከቁጥር ያላስገባ ነበር። ኦፒፒና የከተማው ማኅበራት የራሳቸውን ካርታና ግምት አቅርበው በጥቂት ዋጋ እንደሚሠራ አሳዩ፤ በ1999 ካራቺ ያለችበት የሲንድ ክፍለ ሀገር መንግሥት ብድሩን ሰረዘ። ባለሥልጣን አስቀድሞ ከተስማማበት ብድር ማፈግፈግ ብርቅ ነው፤ በሰፈር ልጆች በተነሳ ካርታ ምክንያት ማፈግፈጉ ደግሞ የበለጠ ብርቅ ነው።

የካን ሕይወትም ወደ ማብቂያው ደርሶ ነበር። በዕድሜያቸው መጨረሻ ለልጆች በጻፉት ጽሑፍ ምክንያት ሃይማኖት ተሳድበዋል ተብለው ተከሰው ነበር፤ ክሱም ለዓመታት አሳድዷቸዋል። በኦክቶበር 1999 አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ አረፉ፤ አስከሬናቸው ተመልሶ በኦራንጊ የኦፒፒ ግቢ ተቀበረ። ሥራው በፋይሳላባድ፣ በሎድራንና በሌሎች ከተሞች በሌሎች እጆች ተደገመ፤ በሁሉም ግን አልተሳካም። ቅያሱ ቀጥ ያላለበት ወይም ነዋሪው ተከራይ ብቻ የሆነበት ሰፈር ላይ ማስኬዱ እጅግ ይከብድ ነበር።

ፐርዊን ራህማን በማርች 13 ቀን 2013 ከቢሮ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በጥይት ተገደሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካርታቸው ወደ አደገኛ ቦታ ገብቶ ነበር፦ በካራቺ ዳርቻ ያሉ መንደሮችን መሬት እየነጠቁ የሚሸጡ ሰዎችን፣ ከመንግሥት ቧንቧ ውኃ እየሰረቁ በቦቴ የሚቸረችሩ ሰዎችን ዱካ ይሰንድ ነበር። በ2021 ፍርድ ቤት ተከሳሾችን ጥፋተኛ ብሎ ፈረደ፤ በ2022 የሲንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው።

በኦገስት 2020 ካራቺ ከለመደችው በላይ የሆነ ዝናብ ዘነበ፤ ፈፋዎቹ ሞልተው ከተማዋን አጥለቀለቁ። መንግሥት ፈፋዎቹ የጠበቡት ዳር ላይ በተሠሩ ቤቶች ነው አለ፤ ነዋሪዎቹና የከተማ ጥናት ባለሙያዎች ደግሞ በቆሻሻ መደፈናቸውንና ወደ ባሕር የሚወጡበት አፍ በሌላ ግንባታ መጥበቡን ጠቆሙ። በ2021 የጉጃርና የኦራንጊ ፈፋዎች ዳር ቤቶች በቡልዶዘር ይፈርሱ ጀመር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በዚያው ዓመት ጁን ላይ ማፍረሱ እንዲቆም ሲጠይቁ ከ66 ሺህ በላይ ሰዎች ጉዳት እንደደረሰባቸው ገልጸው ነበር። ከፈረሱት ብዙዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ በራሱ የይዞታ ወረቀት የተሰጣቸው ነበሩ።